ተኝተን የተስማማንበት ጉባኤ

ይህን ጽሑፍ ያገኛችሁት ጽሑፍ ከማይፈለግበት ስፍራ ነውና ስለ ሽታው አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቆዳና ላብ አብረው ሲከርሙ ከዚህ የተሻለ መዓዛ አይወጣቸውም። ፊደሉን ያደቀቅሁትም ስፍራው ጠባብ ስለ ሆነ ነው።

ዛሬ በከተማችን ልጆች ስለ ንቁዎች ቤት አጀማመር የሚያጠኑት ሌላ ነው። ቤቱ ከእኛ ጋር በመርከብ ከሰማይ እንደ ወረደ፣ እንዲያውም መርከቧ የተሠራችው እርሱን ለመሸከም እንደ ነበረ ይነገራቸዋል። እኔ ግን ቤቱ አንድ በርጩማና አንዲት ቀይ ባቄላ ብቻ በነበረበት ጊዜ ነበርሁ። በርጩማዋ አንድ እግሯ ስለሚያጥር ቁራጭ ቆዳ ያስደገፍኋት እኔ ነኝ።

ስሜ መንበሩ ነው። በፊተኛው አገራችን መጽሐፍ ጠራዥ ነበርሁ። ወደዚህ ምድር ስንወርድ መጽሐፍ ይዞ የመጣ ሰው ስላልተገኘ ወስፌዬንና ክሬን ይዤ ወደ ጫማ ዞርሁ። በሁለቱም ሙያ ቆዳ ይወጋል፤ በሁለቱም የሠሪው ማንነት የሚታወቀው ከማይታየው ስፌት ነው። እኔ ክሩን የምጨርሰው በግራ እጄ ሦስት ጊዜ ጠምዝዤ ወደ ውስጥ በመሳብ ነው። ከአባቴ የወረስሁት ቋጠሮ ነው፤ በዚህ ምድር ከእኔ በቀር የሚቋጥረው የለም። ይህን ያነሣሁት ለኩራት ሳይሆን ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

የወረድንባት ምድር ሦስት መቶ ቀን ትሞቃለች፤ ሁለት መቶ ቀን ትበርዳለች። በብርዱ ወራት ለሁላችን የሚበቃ እህልም ማገዶም የለም። ስለዚህ በጉዞው የተኛንባቸውን ሣጥኖች ከመርከቧ አውርደን በአንድ አዳራሽ ደረደርናቸው። ብርዱ ሲገባ ጫማችንን በየሣጥናችን ግርጌ አውልቀን እንተኛለን፤ ሲወጣ እንነሣለን። ሣጥኑ ሁለት ጠባዮች እንዳሉት ከጉዞው ጀምሮ እናውቃለን። አንደኛ፣ ከእንቅልፉ መካከል ተቀስቅሶ እንደ ገና የተኛ ሰው በመካከል ያየውንና የሠራውን ከቶ አያስታውስም፤ መርከቧን ሲጠግኑ የከረሙ ሰዎች ስንደርስ ምንም እንዳልሠሩ ምለው ተከራክረውናል። ሁለተኛ፣ በአንድ እንቅልፍ ሁለት ጊዜ ሣጥን የገባ ሰው ሳንባው ይሳሳል። አንዳንዱ ያስላል፤ አንዳንዱ አይነሣም።

ሁሉም ከተኛ ምድጃውን የሚጠብቅ አንድ ሰው ያስፈልግ ነበር። ብቻውን ሁለት መቶ ቀን መክረም የሚፈልግ ስላልነበረ ዕጣ ተጣጣልን። ቀይዋ ባቄላ የወጣችው ለእማማ አንጓች ነበር። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸውን በጉዞው ያጡ ሴት ናቸው። ባቄላዋን መዳፋቸው ላይ ሲያዩ አለቀሱ፤ እኛም አፍረን መሬት መሬት እያየን ወደየሣጥናችን ገባን።

ስንነቃ እማማ አንጓች በበርጩማዋ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ያቀረቡት ዘገባ አጭር ነበር።

“ምድጃው ሁለቴ ጠፍቶ ሁለቴ አነደድኩት። ብዙ አለቀስኩ፤ ሲሰለቸኝ ተውኩት። የማሩን ማሰሮ የጨረስኩት እኔ ነኝ። ግን ሰርቄ አይደለም። እዚህ መሃል ቆሜ ‘ይችን የቀረችውን ልብላት ወይ?’ ብዬ ሁላችሁንም ጠየቅኳችሁ። አንድም የተቃወመ የለም።”

ሣቅን። እኔም ከሣቁት መካከል ነበርሁ። ያ ጨዋታ ዛሬ በንቁዎች ቤት ደንብ አንቀጽ አንድ ነው፤ ማሩና ሣቁ ግን ከአንቀጹ ወጥተዋል።

በሁለተኛው ብርድ ባቄላዋ ለልሳነወርቅ ወጣች። ልሳነወርቅ በመርከቧ ላይ የመንገደኞች ስም ጠሪ የነበረ፣ ድምፁ የሚያምር፣ ልብሱ የማይጨማደድ ሰው ነው። እርሱ አላለቀሰም። ስንነቃ ከጎኑ ሁለት ረዳቶች ቆመው አገኘን። ሥራው ስለ በዛበት ጉባኤ መጥራቱን ገለጸልን። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ነበር፤ ሁለት መቶ አሥራ አንዳችንም በየሣጥናችን ተገኝተናል። የረዳቶቹ ሹመት ለውሳኔ ቀርቦ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። በዚያ ብርድ በእንቅልፉ ያንኮራፋ አንድ አናጺ፣ ሐሳቡን ደግፎ ሰፊ ንግግር እንዳደረገ በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል። አናጺው ሲሰማ ደስ አለው፤ እንዲህ ዓይነት ችሎታ እንዳለው አያውቅም ነበር።

በሦስተኛው ብርድ ባቄላዋ ተሰረዘች። ስንነቃ ንቁዎቹ አሥራ ሁለት ሆነዋል፤ ማኅተምና ሰማያዊ ካባም አላቸው። በንቁ ፊት ማዛጋት ክልክል መሆኑ ተነገረን። ቅር ያለው ሰው አቤት የሚልበት የተቃውሞ መስኮትም ተከፍቷል፤ መስኮቱ ከብርዱ መግቢያ እስከ መውጫው ዕለት ድረስ በየቀኑ ያገለግላል። እስከዚያ ቀን አንድ አቤቱታ እንኳ አለመቅረቡን ልሳነወርቅ በኩራት ነገረን። አጨበጨብን። ያጨበጨብነው ሁላችንም አምነን እንዳልነበር አውቃለሁ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ አጠገቡ ያለው ሰው ያመነ ይመስለው ነበር።

እኔን ጥርጣሬ የያዘኝ በአራተኛው ብርድ መውጫ ነው፤ የጀመረውም ከጫማ ነው።

ወደ ሣጥን ከመግባታችን በፊት ለሰው ሁሉ አዲስ ሶል መምታት ልማዳችን ነበር። ሰው ሲነሣ በአዲስ ሶል መሬት ይርገጥ ብለን ያወጣነው ነው። በዚያ ዓመት የመርከቧን መቀመጫዎች ገፈን ጥሩ ቆዳ አገኘን፤ ለሰው ሁሉ ነጠላ ሶል ከመታሁ በኋላ የተረፈው ለአርባ ጥንድ ድርብ ሶል በቃ። ድርቡን ለወደድሁት ሰው መታሁ። የመጀመሪያው የባለቤቴ የእንጉዳይ ነበር። ከወገቧ ቀጠን፣ ከአንደበቷ ጠንከር ያለች ሴት ናት፤ እግሯ ብርድ ይፈራል ብዬ ለርሷ ቆዳውን ከጀርባው፣ ከወፍራሙ ስፍራ ቆረጥሁላት።

ስንነቃ ከአዳራሹ ማዶ ትልቅ የድንጋይ ቤት ቆሞ አየን። ድንጋዩ ቀይ ነው። ቀይ ድንጋይ ያለው ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቀው፣ እንደ ምላጭ በሾለው ተራራ ላይ ብቻ ነው። ንቁዎች ለእኛ ሲሉ ደክመው እንደ ሠሩት ተነገረን። በዚያ ብርድ ሁለት ሰዎች አልነቁም፤ ረጅሙን እንቅልፍ እንደ መረጡ ተነገረን።

እንጉዳይ ሣጥኗ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን ታገላብጥ ነበር።

“ይቺ ጣቴ መቼ ነው የተሰበረችው?” አለችኝ።

አየኋት። ሌባ ጣቷ ተሰብራ፣ ጠመም ብላ ድናለች።

“ተኝተሽ ከሣጥኑ ጋር አጋጭተሻት ይሆናል።”

“መንበሩ፣ እኔን እንደ ንቁ አታናግረኝ።” ከዚያ ሳል ያዛት፤ እስክትጨርስ ጠበቅኋት።

ጫማዋን ላቀብላት አጎንብሼ ሳነሣው ከላይ ተወልውሏል። ገልብጬ አየሁት። ድርቡ ሶል ተልጦ ስፌቱ ላይ ደርሷል፤ በክሩ መካከል ቀይ አፈር ተወሽቋል። የተኛን ሰው ከላይ ቆመው የሚያዩ ሰዎች የጫማውን ፊት እንጂ ሥሩን ለመወልወል አያስቡም።

በዚያ ሳምንት ጠግኜ ልመልስ እያልሁ ከአሥራ ሁለቱ ንቁዎች በቀር የሰውን ሁሉ ጫማ ሰበሰብሁ። ሁለት መቶውን ጥንድ ገልብጬ በመደርደሪያዬ ደረደርሁት። ነጠላዎቹ ከእጄ እንደ ወጡ ናቸው። ያለቁት አርባ ናቸው፤ አርባዎቹም ድርብ የመታኋቸው ናቸው። ያልነቁት ሁለቱ ሰዎች ጫማም ከአርባው ውስጥ ነበር። በሾለ ድንጋይ ላይ የሚሄድ ሰው ለመምረጥ ንቁዎቹ በየሣጥኑ ግርጌ እየዞሩ ጠንካራውን ሶል ፈልገዋል። ዝርዝሩን ያዘጋጀሁላቸው እኔ ነኝ። በፍቅር አዘጋጀሁት።

ወደ ድንጋዩ ቤት ሄድሁ። ልሳነወርቅ ከሰፊ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ነበር። የእማማ አንጓች በርጩማ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሆና በስተቀኙ ቆማለች፤ ያስደገፍኋት ቆዳ ተነሥቶ በብር ተተክቷል።

“ክቡር ንቁ፣ የሚስቴ ጫማ ተራምዷል” አልሁት።

“ጫማ ብቻውን አይራመድም።”

“እኔም ያልሁት ይህንኑ ነው።”

ፈገግ አለ። “ሚስትህ ስለ መራመዷ ትናገራለች?”

“አታስታውስም።”

“አንተስ አይተሃል?”

“ተኝቼ ነበር።”

“እንግዲህ አልተራመድኩም የምትለው እርሷ፣ አላየሁም የምትለው አንተ። ምስክሮችህ ሁለቱም ለእኔ መሰከሩ።” ብዕሩን አስቀመጠ። “ይልቅስ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ወንድሜ። የድንጋዩ ቤት ሥራ ለጉባኤ ቀርቦ ነበር። አንተም ተገኝተሃል። ተቃወምህ?”

“ተኝቼ ነበር አልሁህ እኮ።”

“ተቃወምህ ወይ ነው ያልኩህ።”

“አልተቃወምሁም።”

“እኛም የጻፍነው ይህንኑ ነው” አለኝና እስከ በሩ ሸኘኝ። በመንገድ ላይ ስለ ሶሎቼ ጥራት አመሰገነኝ።

ለእንጉዳይ ያወቅሁትን ሁሉ ነገርኋት።

“ወደዚያ ተራራ ደግሜ ከሄድኩ አልነሣም” አለች። “ደረቴን አውቀዋለሁ።”

“አትሄጂም።”

“ለሰዎቹስ ትነግራቸዋለህ?”

“ማን ለንቁዎቹ ወሬ እንደሚያቀብል አላውቅም። ቀስ ብዬ…”

“ቀስ በል እንግዲህ” አለች፤ ፊቷን ግን አዞረች።

የመከርሁት ይህ ነበር። የእንጉዳይን ሶል ነጠላ አደረግሁት፤ ድርቡን ለራሴ ጫማ መታሁ። ሠላሳ ሰባቱን ድርብ ጫማ እንደ ድርብነቱ ጠገንሁት፤ በሞቱት በሁለቱ ፋንታም ለሌሎች ሁለት ሰዎች መታሁ። አርባው ከጎደለ ይፈልጋሉ፣ ፍለጋውም ወደ እንጉዳይ ይመጣል ብዬ ነው። ያኔ ይህን ጥበብ ብዬው ነበር። በራሴ ሶል መካከል ደግሞ ስስ ወረቀትና የእርሳስ ስባሪ ሰፋሁ። ድርቡን የያዘ ሰው እንደሚቀሰቀስ አውቃለሁ፤ ሲቀሰቅሱኝ ያየሁትን እጽፋለሁ፣ ተመልሼ ስተኛ ሣጥኑ አእምሮዬን ቢልሰው ሶሌን አይልሰውም።

እማማ አንጓች ተራቸው ሲደርስ ስስ ጫማቸውን ይዘው መጡ። ከንቁዎች ቤት ምንም ሹመት አልነበራቸውም፤ በዓመት አንድ ቀን አውጥተው ከበርጩማዋ አጠገብ ያቆሟቸዋል።

“ነጠላ ይበቃኛል፣ ልጄ” አሉኝ። “ቆዳህን ለሚሄድ ሰው ቆጥብ። እኔ የትም አልሄድ።”

“እማማ፣ ያቺን የማር ጨዋታ ባያወሩ ኖሮስ?” አልኋቸው።

“ባላወራስ ሌላ ነገር ያገኙ ነበር።” ጫማቸውን አቀበሉኝ። “እውነቱን ልንገርህ? ማሩ ኮምጥጦ ነበር። ልታዝኑ ነው ብዬ ነው ያሣቅኳችሁ።”

በአምስተኛው ብርድ መውጫ ዓይኔን ስከፍት መጀመሪያ የፈለግሁት የእንጉዳይን ጫማ ነው። ገለበጥሁት። ሶሉ ንጹሕ ነው፤ የወስፌዬ ምልክት እንኳ አልጠፋም። እንጉዳይ ተነሥታ ተቀመጠች፤ በረጅሙ ተነፈሰች፤ አላሳላትም። እግሯ ሥር ተንበርክኬ ጫማዋን አጠለቅሁላት።

የራሴ ግን ግራ አጋባኝ። ድርቡ ሶል ቀይ አፈር ነክቶታል፤ ያለቀ ግን አይደለም። አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን የተራመደ ጫማ ነው።

ወዲያው ወደ ድንጋዩ ቤት አደባባይ ተጠራን። ልሳነወርቅ ትልቅ መጽሐፍ ደረቱ ላይ አቅፎ ወጣ። የአምስት ብርድ ቃለ ጉባኤ በአንድ ጥራዝ ተሰብስቦ፣ በቆዳ ተለብጦ፣ ለዘለዓለም እንዲጠበቅ መደረጉን አወጀ። ሕዝቡ እንዲያየው ከፊታችን አለፈ። እኔ ጋ ሲደርስ የጥራዙን ጀርባ አየሁት። ክሩ በግራ እጅ ሦስት ጊዜ ተጠምዝዞ ወደ ውስጥ ተስቧል።

ሠላሳ ዓመት የጠረዝሁ ሰው ነኝ፤ የእጄን ሥራ አልስትም። ከሰው መካከል ሹልክ ብዬ ወደ ሥራ ቤቴ ሄድሁ፤ በሩን ዘግቼ ሶሌን ቀደድሁት። ወረቀቱ ነበር። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።

“ቀሰቀሱን። አርባ ነን። ቀይ ተራራ ላይ ድንጋይ እንፈልጣለን። በሁለተኛው ቀን ጠራዥ መሆኔን ልሳነወርቅ አስታወሰና ከድንጋዩ አውጥቶ በሞቀ ክፍል አስቀመጠኝ። ቃለ ጉባኤውን እየጠረዝሁለት ነው። አንተ በመውጣትህ ከፈላጮቹ አንድ ጎደለ፣ በፋንታህ ሚስትህን እንቀስቅሳት አለኝ። ተማጸንሁት። እንግዲያስ ሌላ ስም ጥራ አለኝ። ጠራሁ። ስሙን አልጽፍም፤ ስትነቃ እንዳታውቀው ብዬ ነው።”

ደግሜ አነበብሁት። በዓለም ላይ ሁሉን ስጠረጥር የከረምሁ ሰው፣ ይህን የጻፈውን ሰው ለመጠርጠር አንድ ቀን እንኳ አላሰብሁም ነበር።

ወደ አዳራሹ ተመለስሁ። ሣጥኖቹ ሁሉ ተከፍተዋል፤ አንድ ብቻ ተዘግቷል። የእማማ አንጓች ነው። ግርጌው ያለውን ስስ ጫማ አነሣሁ። ነጠላው ሶል የለም። ከፊት እስከ ተረከዝ ተበልቶ፣ ገበሩም ተቀዶ፣ ጣቴ በወዲያ በኩል ወጣ። ጠርዙ ላይ ቀይ አፈርና ሌላ ቀይ ነገር ደርቋል።

ለምን እርሳቸውን እንደ ጠራሁ አላስታውስም። መገመት ግን እችላለሁ፤ እኔ ራሴን አውቀዋለሁ። አሮጊት ናቸው፤ ልጅ የላቸውም፤ ነገሩንም የጀመሩት እርሳቸው ናቸው ብዬ ይሆናል።

ቀና ስል እንጉዳይ ከአጠገቤ ቆማለች። ጫማውን ከእጄ ወስዳ አየችው። ከዚያ የራሷን እግር አየች።

“በእኔ ፋንታ የሄደው የማን እግር ነው ብዬ ነበር እኮ” አለች። “ማን ላካቸው?”

“አላስታውስም” አልኋት።

ይህም እውነት ነበር። እንጉዳይ የእማማን ጫማ በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። ስለ ወረቀቱ ልነግራት ነበር። በማግስቱ ልነግራት ነበር።

በማግስቱ ግን ልሳነወርቅ ከነካባው ቤታችን ድረስ መጣ። ጉባኤው በእንቅልፍ ላይ ሳለን አሥራ ሦስተኛ ንቁ አድርጎ እንደ ሾመኝ ገለጸልኝ። ጥራዙ ጠባቂ ያስፈልገዋል። የንቁ ቤተሰብ ደግሞ ከማንኛውም መቀስቀስ ነጻ ነው።

“መቀስቀስ አለ ማለት ነው?” አለች እንጉዳይ።

“የለም፣ እመቤቴ” አላት ልሳነወርቅ። “ነጻ የምትሆኚው ከሌለ ነገር ነው። ስለዚህ ምንም አያስከፍለንም።” ወደ እኔ ዞረ። “ማንም አልተቃወመም።”

ካባውን ተቀበልሁ። ለርሷ ስል ነው የተቀበልሁት ብዬ ብጽፍ ሐሰት አይሆንም፤ ወረቀቱም ላይ እንዲሁ ያለ ሐሰት ያልሆነ ነገር ነበር የጻፍሁት። ሦስት መቶው ቀን እንዲህ አለፈ። እማማ አንጓች መሥራች እናት ተብለው በርጩማዋ ሥር ተቀበሩ። ቀብራቸው ላይ ልሳነወርቅ ስለ ማሩ ተናገረ፤ ማንም አልሣቀም።

ትናንት እንጉዳይ ወደ ሥራ ቤቴ መጣች። ብርዱ ሊገባ ስድስት ቀን ቀርቶታል። የእማማን ስስ ጫማ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

“ሶል ምታልኝ” አለች። “ድርብ።”

“ያንቺ አይደለም።”

“ለክቼዋለሁ፤ ይሆነኛል።”

“እንጉዳይ፣ አንቺ ነጻ ነሽ። ማንም አይነካሽም። ንቁዎቹ ድርብ ካዩ ግን…”

“አውቃለሁ። ዘንድሮ አንተ ነህ አይደል ነቅተህ የምትከርመው? እየዞርክ ሶሉን ስታይ ታገኘኛለህ። ያኔ ወይ ትቀሰቅሰኛለህ፣ ወይ ስም ትጠራለህ።” ወደ በሩ ሄዳ ቆመች። “የማን ስም እንደምትጠራ ግን አሁን ንገረኝ ብልህ አታስታውስም።”

ሄደች። ቆዳውን ከጀርባው፣ ከወፍራሙ ስፍራ ቆረጥሁላት።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አድሬ አሁን ረፋድ ሆኗል። ያን የቀድሞውን ወረቀትም ከዚህ ጋር አጥፌዋለሁ፤ ግማሹ በቀኙ፣ ግማሹ በግራው ጫማ ይገባል። ስቀሰቅሳት ሠላሳ ዘጠኝ ሰዎች አብረዋት ይነቃሉ፤ ማንበብ ታውቃለች፣ ድምፅ አላት፣ የተቃውሞ መስኮቱም በዚያን ጊዜ ክፍት ነው። እኔ ካባዬን ለብሼ ከፊቷ እቆማለሁ። ስታነብላቸው ስሜን እንድትዘለው አልጠይቃትም።

የቀረኝ የመጨረሻው ስፌት ነው። ሁልጊዜ ቋጠሮዬን ወደ ውስጥ ስቤ እግር እንዳይነካው እደብቀዋለሁ። ዛሬ ግን ወደ ላይ አውጥቼ በተረከዟ ልክ እተወዋለሁ፤ ተራራው ጋ ከመድረሷ በፊት ይወጋታል፣ አውልቃም ታየዋለች።